የደባሱ ቅርብ

ቁጭ በሉማ። ቦርሳችሁንም አውርዱት፤ ኮረብታው የትም አይሄድባችሁም። ቅዳሜና እሑድ እየመጣችሁ ቀጨሞን ትወጣላችሁ፣ በየጉብታው ባሉት የድንጋይ መቀመጫዎች ላይ አረፍ እያላችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ፤ ማን እንዳስቀመጣቸው ግን አንዳችሁም ጠይቃችሁ አታውቁም። እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ መናገር እወዳለሁ።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ፣ አያቴ ራሳቸው "ድሮ" ይሉት የነበረው ድሮ። በዚህ ኮረብታ ላይ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ ደባሱ የሚባል ሰው ነበር። መሬቱ ጥማድ በሬ የማያዞር፣ ጎጆው ሁለት እንግዳ የማያስተኛ፣ ገመድ እየገመደ የሚያድር ድሃ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ አይዋሽም። እናቱ ልትሞት ስትል እጁን ይዛ፣ "ልጄ፣ ከአፍህ ውሸት ከወጣ ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ" ብላዋለች። እሱም እሺ ብሏል። እሺ ማለቱስ ቀላል ነበር፤ ችግሩ ቤቱ መንገድ ዳር መሆኑ ነው።

ሽቅብ የሚወጣ ሰው ሁሉ ደባሱ ደጃፍ ሲደርስ ትንፋሹ ያልቃል። ትንፋሹ ሲያልቅ ይጠይቃል። ደባሱም እውነቱን ይናገራል።

መጀመሪያ ሽማግሌዎች መጡ። አናቱ ላይ ካለው መንደር፣ ከላይ አምባ፣ ለአንድ የቆላ ጎበዝ ሚስት ሊጠይቁ ከታች የተላኩ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። "ደባሱ፣ ምን ያህል ቀረን?" አሉት። "ገና ሲሶውን ነው የመጣችሁት። ከዚህ በላይ ሰባት ጉብታ አለ። ሰባተኛው ደግሞ ከስድስቱ ይብሳል" አላቸው። ሽማግሌዎቹ ሽቅብ አዩ፣ ቁልቁል አዩ፣ ስንቃቸውን እዚያው በሉና ተመለሱ። ለጎበዙም "ልጅቷ አፍንጫዋ ትልቅ ነው፣ ይቅርብህ" አሉት። ሳያዩዋት ነው እንግዲህ። ጎበዙ ሳያገባ ከረመ።

ቀጥሎ ቄሱ መጡ። የላይ አምባው ቄስ አርፈው በምትካቸው የተላኩ፣ ቄስ ውብነህ የሚባሉ፣ ሰውነታቸው ሞላ ያለ ሰው ነበሩ። ለፋሲካ ሊቀድሱ ነው የሚወጡት። "ልጄ፣ ምን ያህል ቀረን?" አሉት። ደባሱ ሰባቱን ጉብታ አንድ በአንድ ነገራቸው። ቄሱም "እግዜር የሚያውቀው ምክንያት ይኖረዋል" ብለው ከዘራቸውን ወደ ቁልቁለቱ አዞሩ። ላይ አምባ ያን ፋሲካ ያለ ቅዳሴ ቀረ። ሰዉ ጾሙን እንፍታ፣ አንፍታ እያለ ሲከራከር ዶሮዎቹ አንድ ሳምንት ተረፉ። ያኔ ደባሱን የመረቁት ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው።

ላይ አምባዎች ተቆጡ። ሹማቸው ጭቃ ሹም እንደሻው ሰው አስከትለው ወረዱና፣ "ደባሱ፣ አፍህ ከአገር ለየን። ወይ እንደ ሰው ዋሽ፣ ወይ ቤትህን ነቅለህ ሂድ። እስከ ሰኔ ሚካኤል ቀን ሰጥተንሃል" አሉት።

ምስኪን ደባሱ። ቢዋሽ የእናቱ ጡት፣ ባይዋሽ የአባቱ ጎጆ። ሌላ ቤት የለው፣ ሌላ እናት የለችው፣ አሳዘነኝ እኮ። ሦስት ቀን ገመዱን ሳይነካ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ተነሥቶ ድንጋይ መሸከም ጀመረ። ከየጉብታው ባሻገር አንድ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጠ፤ ከየድንጋዩ አጠገብ አንድ አንድ ቅል ውሃ አኖረ። ሰዉ አበደ አለ። ጭቃ ሹሙም፣ "ልቀቅ ብንለው ጭራሽ ወደ እኛው እየተጠጋ ነው" አሉ።

ለሰኔ ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀር የጭቃ ሹሙ ምራት ምጥ ያዛት። ምጡ ጠናባት። ጭቃ ሹሙ ራሳቸው ቆላ ወርደው አዋላጇን እመት ድንቋን ይዘው መጡ። እመት ድንቋ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ምላሳቸውን ግን አሟቸው የማያውቅ ሴትዮ ናቸው። ደባሱ ደጃፍ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

"ደባሱ፣ አንተ አትዋሽም አሉ። ምን ያህል ቀረኝ? ሩቅ ከሆነ እመለሳለሁ።"

ጭቃ ሹሙ ከኋላቸው ሆነው በዓይናቸው፣ በቅንድባቸው፣ በጢማቸውም ጭምር ይለምኑታል። ደባሱ በእጁ ወደ መጀመሪያዋ ጉብታ ጠቆመ።

"እመት፣ ይቺን ጉብታ ሲያልፉ ይደርሳሉ" አለ።

ጉብታዋን አለፉ። ድንጋይ አለ፣ ውሃ አለ፣ ቤት የለም። "የታለ ቤቱ?" አሉ። ደባሱ ተከትሏቸው ኖሯል። "ይደርሳሉ አልኩ እንጂ ቤት መች አልኩ? መቀመጫው ጋ ደረሱ፤ ይቀመጡ" አላቸው። ተቀመጡ። ጠጡ። ተሳደቡ። ጉልበታቸውም ትንሽ ለቀቅ አላቸው። "አሁንስ?" አሉ። "ይቺን ጉብታ ሲያልፉ ይደርሳሉ።" ሁለተኛዋን አለፉ፣ ድንጋይ። ሦስተኛዋን አለፉ፣ ድንጋይ። አራተኛዋ ላይ ስድባቸው አለቀ። አምስተኛዋ ላይ ሳቃቸው መጣ። ስድስተኛዋ ላይ እሱ አፉን ሲከፍት፣ "ዝም በል፣ አውቄዋለሁ፤ ይቺን ጉብታ ነው" አሉት። ሰባተኛዋን ሲያልፉ ቤቱ ነበር።

እናቲቱ ተረፈች። ልጁ ወንድ ሆነ። እመት ድንቋ ታቅፈውት፣ "ስሙ ደረሰ ይባል" አሉ፤ ደረሰ ተባለ። ደረሰ ቅድመ አያቴ ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩን የሚጠራጠር ካለ ፊት ለፊቴ ይንገረኝ።

ጭቃ ሹሙ ልቀቅ ያሉትን ሁለተኛ አላነሡትም። ቄስ ውብነህም በየድንጋዩ እያረፉ ወጡ፣ ሽማግሌዎቹም ወጡ። የልጅቷ አፍንጫ ምንም አልነበረውም።

ደባሱን ግን አንድ ነገር ሲከነክነው ኖረ። አርጅቶ ለሞት ሲታመም ቄስ ውብነህ መጡ። "አባ፣ ያ ነገር ውሸት ይሆን? እናቴን ምን ብዬ አያታለሁ?" አላቸው።

"ድንጋዩ ነበር?" አሉት።

"ነበር።"

"ውሃውስ?"

"ነበር።"

"እንግዲያ ምኑን ዋሸኸው?"

ደባሱ ቀለል አለው። ትንፋሹ እያጠረ፣ "አባ፣ ምን ያህል ቀረኝ?" አላቸው። ቄሱ ዕንባቸው መጣ። "ደባሱ፣ ይቺን ጉብታ ስታልፍ ትደርሳለህ" አሉት። ሳቀ ይባላል። እየሳቀ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ኮረብታ ላይ ወራጅ ለወጪ ርቀቱን አይናገርም፤ ነውር ነው። "ይቺን ጉብታ ነው" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ግን መቀመጫውን ይጠርጋል፣ ቅሉን ይሞላል። አለዚያ ውሸት ይሆንበታል። እንደ ቅርብ ተነግሮን የሚርቅ ነገር ሲገጥመንም "የደባሱ ቅርብ" እንላለን።

ድሮ ቢሆን አፌን በዳቦ አብሱ እላችሁ ነበር። እናንተ የያዛችሁት ብስኩት ነው፤ እሱም ይሁን፣ አምጡት። አንቺ ባለ ኮፍያዋ ደግሞ ሰዓትሽን ስታዪ አይቼሻለሁ። ምን ያህል ቀረን ልትዪ ነው አይደል?

ይቺን ጉብታ ነው፣ ልጄ። ውሃውን ጠዋት ሞልቼዋለሁ።