በድምፁ የተገዛ ጠመንጃ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሁለት በሬ ነበረው። ሁለት ነው ያልሁህ። አንድም አይደል፣ ሦስትም አይደል። ይህን ያዝልኝ፤ በኋላ እጠይቅሃለሁ።

አይ፣ አትነሣ። ቁጭ በል ይርሳው። ገበያው የትም አይሄድም። በሬህን ግን ከግራሩ ጋር አጥብቀህ እሰረውና ተመለስ፤ አጥሬን እየበላው ነው። ይህን ጥያቄ ከፋሲካ ወዲህ ስትጠይቀኝ ስንተኛህ ነው? «አያ ጓንጉል፣ አደን ልጀምር ነው፤ ገንዘቤ ትንሽ ነው፤ የቱን ጠመንጃ ልግዛ?» ትለኛለህ። እኔ ልመልስልህ አፌን ስከፍት ደግሞ አንተው ትቀድመኛለህ። ምንሽር ይሻላል ያለህ ሰው አለ፤ አጭር ይሻላል ያለህ አለ፤ የእገሌ ልጅ ባለ ሁለት አፈሙዝ ገዝቷል። ያገሩን ጠመንጃ ሁሉ በስም ቆጥረህ ስትጨርስ መልሱን ሳትሰማ ትሄዳለህ። ዛሬ ይባስ ብለህ በሬ እየጎተትህ መጣህ፤ ሸጠህ ጠመንጃ አንግተህ ልትገባ ነው! ለአባትህ አደን ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ እርሱ እንዳንተ አላደረቀኝም። አሁን እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትሰማለህ።

ያ ሰው ገበሬ ነበረ። ማሽላውን የሚዘራው ከወንዝ አፋፍ ላይ ነው። መሬቱ ጥሩ መሬት ነው፤ ችግሩ ከሥሩ ያለው ጫካ ከርከሮ የሞላበት መሆኑ ነው። ከርከሮን ታውቀዋለህ። የሚበላውን በልቶ አርፎ አይሄድም። አገዳውን ይሰብራል፣ ይንከባለልበታል፣ ያልበላውን አበላሽቶ ይሄዳል። ሰውየው ሁለት ዓመት በወንጭፍና በጩኸት ተከላከለ። ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። በሁለተኛው ዓመት ያገባው እህል ልጆቹን ግንቦትን እንኳ አላሻገራቸውም። ከሚስቱ ወንድም ቤት ሄዶ እህል ለምኖ በአህያ ጭኖ ተመለሰ። አህያውን ያራገፈ ዕለት፣ «ጠመንጃ እገዛለሁ» አለ።

በዚህ አልፈርድበትም። ጠመንጃ ያስፈልገው ነበር። ይህን ታሪክ ስናገር ሰው ሁሉ ጠመንጃ አትግዙ ያልሁ ይመስለዋል። አንተም እንደዚያ ብለህ እንዳታናድደኝ።

ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ሊሸጥ ተነሣ። ሚስቱ፣ «በአንድ በሬ እንዴት አድርገህ ታርሳለህ?» አለችው። «ከጎረቤታችን ጋር እቀናጃለሁ፤ እርሱም ያለው አንድ በሬ ነው» አላት። ይህ ውሸት አይደለም፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው በየተራ ያርሳሉ። እርሷም ወደ ወፍጮዋ ዞረች። ያልተከራከረችው አምናው እንዳይመስልህ። ተለምኖ የመጣውን እህል እየፈጨች ስለነበረ ነው።

ገበያ ሄደ። በሬውን ሸጠና ጠመንጃ ሻጩ ዘንድ ቀረበ። ሻጩ ቁርበት አንጥፎ ሁለት ጠመንጃ አጋድሟል። አንደኛው ረጅም ነው፤ ሰደፉ በናስ ያጌጠ፣ ማንገቻው ቀይ ቆዳ። ሁለተኛው አሮጌ ነው፤ ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ሻጩ ክፉ ሰው አልነበረም። «ሁለቱንም ሞክራቸውና የወደድኸውን ውሰድ» አለው። ከዚህ በላይ ምን ይበለው?

እንግዲህ እኛ ጠመንጃ ስንሞክር እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። እኔን ዕድሜ ልኬን ያቃጠለኝ ይህ ነገር ነው። ገና ስንጨብጠው ጎራው እንላለን። ዘራፍ እንላለን። አፈሙዙን ወደ ሰማይ ቀስረን አንድ እንተኩሳለን። ከዚያ ጆሯችንን አቅንተን እናዳምጣለን። ማዶ ያለው ተራራ ተቀብሎ ካስገመገመ፣ «አቤት ድምፅ! ይህ ነው ጠመንጃ!» እንላለን። ጥይቱስ የት አረፈ? ማን ጠይቆ! ሰማይ እንደሆነ ሰፊ ነው፤ ሰማይ ተኩሶ የሳተ ሰው አላየሁም። በሰርግ ለሰማይ፣ በለቅሶ ለሰማይ፣ ሊገዛ ሲመጣም ለሰማይ! ሰማዩ ምን አደረገን?

ሰውየውም እንደ አገሩ ልማድ አደረገ። አሮጌውን ወደ ላይ ተኮሰው፤ ጧ ብሎ ዝም አለ። ማንም ዞሮ አላየውም። ረጅሙን ተኮሰው፤ ገበያው ተናወጠ። አህዮች ገመዳቸውን በጠሱ፤ ሸክላ ሻጮች እንስራቸውን አቀፉ። የከበበው ሰው ሁሉ፣ «ይህን ትተህማ የትም አትሄድ» አለው። እርሱም የበሬውን ዋጋ እንዳለ ሰጥቶ ረጅሙን ወሰደ። ሻጩ አምስት ጥይት መረቀለት። የዚያ ጠመንጃ ጥይት በአካባቢው ገበያ አይገኝም ነበር፤ የሦስት ቀን መንገድ ተኪዶ ነው የሚመጣው። ሰውየው ይህን ሰምቷል። ግን አምስት ጥይት ማለት አምስት ከርከሮ ማለት ነው ብሎ አሰበ። እንደዚህ ያለ ሒሳብ የሚያስበው አንድም ከርከሮ መትቶ የማያውቅ ሰው ነው።

አሮጌውን ጠመንጃ ያ ሊቀናጀው የነበረው ጎረቤቱ ገዛው። እርሱም ከአፋፉ ላይ ማሽላ አለው፤ ከርከሮውም የሁለቱም ነው። እርሱ ግን አልፎከረም። ከገበያው ዳር ካለ የአፈር ገደል ሥር አንድ ቅል አስቀመጠ። ስድሳ እርምጃ ቆጥሮ ተመለሰ። መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጋቢውን ጠቅልሎ ከድንጋይ ላይ አደረገና ጠመንጃውን በጋቢው ላይ አሳረፈ። ትንፋሹን ያዝ እያደረገ፣ ሳይቸኩል፣ ሦስት ጊዜ ተኮሰ።

ሰው በሳቅ ሞተ። «እሰይ፣ የቅል ገዳይ!» አሉት። አንዱማ ዘፈን አወጣለት። እርሱ ሄዶ ቅሉን አንሥቶ አየው። ሦስቱም ጥይት መሐሉን ስተው በግራ ጠርዝ በኩል ገብተዋል። ግን ሦስቱም ቀዳዳ አንድ ቦታ ነው፤ በመዳፉ ሸፈናቸው። «ወደ ግራ ይስባል» አለ ለራሱ፤ «ግድ የለም፣ አመሉ አንድ ነው። እለምደዋለሁ»። አሮጌ ነውና በርካሽ አገኘው፤ በተረፈው ገንዘብ እዚያው ገበያ የሚሸጠውን ጥይት ገዛበት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ወንዝ ወርዶ ከአፈር ገደል ሥር ቅል እያስቀመጠ ሲተኩስ ይውላል። ሚስቱ፣ «እርጎ የማደርግበት ቅል ጨረሰብኝ» ብላ በሽማግሌ ከሰሰችው። ሽማግሌዎቹም ሳቁበት። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ፤ አልዋሽህም።

ባለ ረጅሙ ጠመንጃ ግን ተከበረ። ቤቱ የገባ ዕለት አንድ ጥይት ተኮሰ፤ ጎረቤት ሁሉ እልል አለ። ለመስቀል ደመራ አንድ ተኮሰ። አንድ ትልቅ ሰው ሞተው በቀብራቸው ላይ አንድ ተኮሰ። ሦስቱም ለሰማይ። «ልምምድ አታደርግም ወይ?» ያለው ሰው ነበረ። «ጥይቱ ውድ ነው፤ በቅል ላይ አላባክነውም» ብሎ መለሰ። ሁለት ቀረው።

ኅዳር ገባ፤ ማሽላው ጎመራ። ያን ዓመት እንደዚያ ያለ ማሽላ ታይቶ አይታወቅም፤ ራሱ ከብዶት አገዳው ይጎብጥ ነበር። ሰውየው አንድ ጧት ፀሐይ ስትወጣ ጠመንጃውን ይዞ ወረደ። የቀረውን በሬ ከማሽላው ማዶ፣ ከጠፍ መሬቱ ላይ፣ ሣር እንዲግጥ እርሱ ራሱ በእጁ አስሮት ነበር። ዞር ሲል ከርከሮው ከማሽላው ጠርዝ ቆሟል። ትልቅ ነው፤ ጥርሱ ከሩቅ ያበራል። በሬው ከወዲያ ማዶ፣ ወደ ቀኝ ፈንጠር ብሎ ቆሟል። ሰውየው በሬውን አይቶታል። ሳያየው ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግርህም ነበር። አይቶት፣ «እኔ የማነጣጥረው ከርከሮውን ነው፤ በሬውን ምን አገባው?» አለ።

ተኮሰ። ተራራው ተቀብሎ አስገመገመ። ከርከሮው ጭራውን አቁሞ ጫካ ገባ። ሰውየው፣ «መታሁት!» ብሎ ጮኸ። ቀና ሲል በሬው በጉልበቱ ተንበርክኳል።

ጠመንጃው ወደ ቀኝ ይስብ እንደሆነ፣ ወይስ ሰውየው ድምፁን ፈርቶ ዓይኑን ጨፍኖ ቃታ ስቦ እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። በምን ይታወቃል? ቅል አልተኮሰበትማ!

ጎረቤቱ ተኩሱን ሰምቶ በሩጫ መጣ። የሚቀናጅበት በሬ መሬት ላይ ተዘርግቶ አየ። የባለ በሬው ሚስት ቢላዋ ይዛ ወረደች፤ በሬው ሳይሞት መታረድ አለበትና። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። «ከርከሮውስ?» አለችው። «ሄደ» አላት። ቢላዋውን ሰጠችውና ፊቷን አዞረች። የአገሩ ሰው ለሥጋው ተሰበሰበ። ጠመንጃው ዛፍ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ሥጋ የሚጠብቁት ሰዎች፣ «መቼም ድምፅ ቢሉ እንደዚህ ጠመንጃ አልሰማንም» ይባባሉ ነበር። እውነቴን ነው የምልህ። የሰውየው በሬ እየተገፈፈ ስለ ድምፁ ያወሩ ነበር!

ማሽላውን ያን ሰሞን ከርከሮ ጨረሰው። የጎረቤቱ ማሽላ ተረፈ፤ ቅል ገዳዩ በአራት ጥይት ሦስት ከርከሮ ጥሎ መንጋው ወደ ሌላ ጫካ ሸሸ። በሚቀጥለው ክረምት ባለ ረጅሙ ጠመንጃ መሬቱን ለዚያው ለጎረቤቱ የእኩል፣ ምርቱን ሊካፈሉ ሰጠው፤ ጎረቤቱ ከተረፈለት ማሽላ ሸጦ ሁለተኛ በሬ ገዝቶ ነበር። አራሽ የነበረው ሰው ከገዛ መሬቱ ዳር ቁጭ ብሎ ሌላ ሰው ሲያርስለት ያይ ነበር፤ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው።

እሺ ይርሳው፣ ምን ገባህ?

ምን አልህ? የአሮጌው ጠመንጃ ስሙ ማን ነበር አልህ? ወይ ፈጣሪዬ! ወይ ፈጣሪዬ፣ ምን ባደርግህ ይሻለኛል! አሮጌ ግዛ አላልሁህም። ጠፍር የታሰረበት ግዛ አላልሁህም። አሮጌም ሆኖ ጥይት እንደ ዘር የሚበትን አለ፤ ያማረም ሆኖ ካነጣጠርህበት የሚያገባ አለ። ስሙን ብነግርህ ነገ ስሙን ይዘህ ገበያውን ስትዞር ልትውል ነው። ሻጩም እንደመጣህ ያውቅብሃል፤ የቀሰርኸውን ጆሮ አይቶ በዚያው ልክ ዋጋ ይጠራልሃል።

ያ ሰው አንተ ነህ። ዓይንህን አታፍጥጥብኝ፤ አንተ ነህ። እርሱ ጠመንጃ አልገዛም፤ ድምፅ ነው የገዛው። አንተም ከፋሲካ ጀምረህ የምታመጣልኝ ሰዎች በጠጅ ቤት የሚጮኹትን ስም ነው። ያም ድምፅ ነው። እርሱ ተራራው ሲያስገመግም ሰማ፤ ጥይቱ የት እንዳረፈ አልጠየቀም። አንተ ደግሞ ማን ምን እንደገዛ ሰምተሃል፤ ትከሻህ የትኛውን እንደሚችል፣ ጥይቱ በዚህ ገበያ ይኑር አይኑር፣ ከጠመንጃው ዋጋ ተርፎ የምትለማመድበት ጥይት ታገኝ እንደሆነ፣ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ይህን ብትጠይቀኝ ኖሮ በፋሲካ ማግስት እመልስልህ ነበር።

በል ስማ። ከቤቴ ግባና ከምሰሶው ላይ የእኔን ጠመንጃ አውርድ። ዘጠኝ ጥይት አለ፤ ውሰደው። ከአጥሩም ላይ የደረቀ ቅል ቁረጥ፤ ባለቤቴ እንዳታይህ። ወንዝ ውረድ፤ ቅሉን ከአፈር ገደል ሥር አድርገው። ቅሉን ከማነጣጠርህ በፊት ከቅሉ ኋላና ግራ ቀኝ ማን እንዳለ እይ፤ ሰው ሆነ ከብት ሆነ ካየህ ቃታ እንዳትነካ። ቁጭ ብለህ ሦስት ሦስት ተኩስ። ፉከራህን ቤትህ ተወው። ሦስት ቀዳዳ በአንድ መዳፍህ መሸፈን ስትችል ቅሉን ይዘህልኝ ና፤ ያን ጊዜ አብሬህ ገበያ እሄዳለሁ። ከገንዘብህ ጋር የሚስማማም እመርጥልሃለሁ። ብቻ ከዚያ በፊት አንድም የጠመንጃ ስም በጆሮዬ እንዳታሰማኝ!

ቆይ፣ አትሂድ። መጀመሪያ ያዝልኝ ያልሁህ ነገር ነበረ። ያ ሰው ስንት በሬ ነበረው? ሁለት። ጠመንጃውን ሲያነግት ስንት ቀረው? አንድ። ጠመንጃውን ሲተኩስስ?

አዎ፣ ምንም። የአንተ ገና ሁለት ናቸው። አንዱ ከቤትህ ነው፤ አንዱ ያውና፣ እዚያ ግራር ሥር ቆሞ አጥሬን እያመነዠገ ነው። ሂድ ፍታውና ወደ መጣህበት መልሰህ ንዳው።