የተዋሱት ቀልድ

ባለ ሕንፃው አቶ ልሳነወርቅ የራሳቸው ንግግር አልነበራቸውም፤ ሀብታም ስለነበሩ ግን ይህን የነገራቸው የለም። ለቅሶ ቤት እንኳ የሚያጽናኑት በኮሜዲ ፊልም ቀልድ ነበር። አንድ እሑድ ልጃቸውን ሕሊናን ለናሁሠናይ ሊጠይቁ የተላኩ ሽማግሌዎች ሳሎናቸው ገብተው፣ እንደ ወጉ «ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ።

«ለእሱ ከምድራት ለበቅሎዬ ብሰጣት ይሻለኛል!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። ዘመዶቻቸው እንደ ልማዳቸው ሳቁ። «ከፊልም ነው። እናንተም ከዚያው ፊልም ካልመለሳችሁልኝ ልጄን አልሰጥም፤ በሩ ያውላችሁ!»

ሕሊና ጓዳ ሆና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጋቢውን አስተካከለ።

«ጌታው፣ ፊልሙን እኛም አይተነዋል። የሚያልቀው እንዲህ ያለው አባት በልጁ ሰርግ ላይ እስክስታ ሲወርድ ነው። ንግግሩን ከተዋሱ አይቀር እስክስታውንም ይዋሱት፤ ትከሻዎን ከዛሬ ጀምሮ ያለማምዱ።»