የጥሩምባው መልስ

አንዲት ስልክ ገና ያልገባባት ትንሽ ከተማ በአውራ ጎዳና ዳር ነበረች። በከተማዋ ሁለት ዓይነት ጥሩምባ ይሰማል። አንዱ የመኪና ነው። ሌላው የእድር ነው፤ ሰው ሲሞት ጋሽ ጥላዬ በየሰፈሩ እየዞሩ ይነፉና የሟቹን ስም ይናገራሉ። ያን የሰማ ሁሉ ሥራውን ትቶ ለቀብር ይወጣል። ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እትዬ አስካለ ነበሩ፤ በዕድሜያቸው ከማንም ቀብር ቀርተው አያውቁም።

የእትዬ አስካለ ልጅ ዘርይሁን የሚኒባስ ሾፌር ነው። አንድ ቀን የከባድ መኪና ጥሩምባ ገዝቶ ሚኒባሱ ላይ አስገጠመ። ድምፁ ከሩቅ ስለሚሰማ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እሱ ጎረፈ። ታዲያ የትኛው ሾፌር ከእሱ አንሶ መታየት ይወዳል? ሁሉም አስገጠሙ። ዓመት ሳይሞላ ከተማዋ በጩኸት ደነቆረች።

ጋሽ ጥላዬ መናኸሪያ ሄደው ሾፌሮቹን ሰበሰቡ። "ልጆቼ፣ ለጥሩምባችሁ ድምፅ ልክ እናብጅለት። እግረኛውን ከመኪና ፊት ዘወር ካደረገ ይበቃል። የእኔን እኮ ሰው መስማት አቃተው" አሏቸው።

ዘርይሁን ሳቀ። "ጋሼ፣ እርስዎ የሚነፉት ለሞተ ሰው ነው። እኛ የምንነፋው ሰው እንዳይሞት ነው። ታዲያ የቱ ይበልጣል?"

ሾፌሮቹ አጨበጨቡለት። ልኩም ሳይበጅ ቀረ።

በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት ዘርይሁን ተሳፋሪ ጭኖ ሊወጣ ሲል ከኋላው ጥሩምባ ሰማ። ተራውን ሊነጥቀው የመጣ ሾፌር መሰለው። ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ እጁን ጥሩምባው ላይ ተጭኖ አምባረቀበት። ሌሎቹም ተቀበሉት። ከዚያ ነድቶ ሄደ።

ሲመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ጋሽ ጥላዬ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው አገኛቸው። ጫማቸው አፈር ብቻ ነው።

"ዘርይሁን፣ እናትህ ዛሬ ጠዋት አረፉ። ብንጠብቅህ ብንጠብቅህ ስትቀር ቀበርናቸው" አሉት። "ስድስት ሰው ነበርን። ቃሬዛውን ተቀብሎ የሚያሳርፈን እንኳ አልነበረም።"

"እንዴት ሳይጠሩኝ!" ብሎ ጮኸ።

"ጠራሁህ እንጂ ልጄ። ከኋላህ ቆሜ ነፋሁ፤ ስማቸውን ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። አንተ በጥሩምባህ መለስክልኝ። መስኮትህ ጋ ሳልደርስ ነዳኸው።"

ዘርይሁን በማግስቱ ጥሩምባውን በገዛ እጁ ነቀለ። ወደ ጓደኞቹ ሄዶ ልክ ይበጅ እያለ ለመናቸው። ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የሚለውን የሰማው አልነበረም።

ወዳጄ፣ ድምፁን ያለ ልክ ከፍ የሚያደርግ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው የራሱን ጆሮ ነው። ልክ የሚበጀው ድምፁ አነስ ያለው ሰውም እንዲደመጥ ነው፤ ያ ሰው የሚጠራው ደግሞ እኛኑ ሊሆን ይችላል። አንተስ ዛሬ ጥሩምባህን ስትነካ የማንን ጥሪ እየሸፈንክ እንደሆነ ታውቃለህ?