ቀዮ ደንገጎን ሳትፈላ የወጣች ቀን

ተረቴ ከድሬዳዋ ተነሣ፣ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ ፈላ። «ይቀዝቅዝልን!» በሉ። ካላላችሁ አልጀምርም፤ እኔም እንደ ተረቴ ሰዎች ግትር ነኝ። አላችሁ? እሺ አቦ!

ከዚራ ሰፈር ጋሽ ምንዳዬ የሚባሉ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ቀዮ የምትባል ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና አለቻቸው። ከሚስታቸው ከእትዬ አስካለ እኩል ይወዷታል። እትዬ አስካለ «እኩል» የምትለዋን አይቀበሉም።

የጋሽ ምንዳዬ ምኞት ትንሽ ናት፦ ሚስታቸውን ጎናቸው አስቀምጠው ደንገጎን መውጣት። ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ መንጃ ፈቃዳቸው በሚቀጥለው ወር ያበቃል፣ የሚያድስላቸውም የለም። ያ ባዶ ወንበር አንገበገባቸው።

«አልሳፈርም!» አሉ እትዬ አስካለ። «የሰርጋችን ቀን ቀዮ ደንገጎ ላይ ፈላች። አንተ እሷን ስታራግብ ቀረህ፣ እኔ በቬሎ የሽንኩርት መኪና ላይ ተጭኜ ሐረር ገባሁ። መጀመሪያ መፍላቷን ትተው!» አርባ ዓመት አለፈው፤ ሽንኩርቱ ግን አሁንም ይሸታቸዋል።

ጋሽ ምንዳዬ የቀዮን ኮፈን ከፍተው ለመኗት።

«መፍላቴን አልተውም!» አለች ቀዮ። «የውሃዬ ዘበኛ እንቅልፋም ነው። ይሄ ቴርሞስታት ተብዬ፣ ውሃው ሰማንያ ስምንት ዲግሪ ካልደረሰ ወደ ማቀዝቀዣው፣ ወደ ራዲያተሩ፣ በር አይከፍትም። እሱ እስኪነቃ እኔ ዳገቱ ላይ ነድጄ አልቃለሁ። በሰባ አንድ የሚነቃ አምጡልኝ!»

እንግዲህ ቀዮ መፍላቴን አልተውም አለች፣ እትዬ አስካለ አልሳፈርም አሉ።

አዲስ ቴርሞስታት ከጅቡቲ አስመጡ። «በል ግባ» አሉት።

«አልገባም! የፋሩቅ እጅ ካልነካኝ ንቅንቅ አልልም።»

ቴርሞስታቱ አልገባም አለ፣ ቀዮ መፍላቴን አልተውም አለች፣ እትዬ አስካለ አልሳፈርም አሉ።

ፋሩቅ የመጋላ ሰፈር መካኒክ ነው። «ጋሼ፣ ድሬ ላይ ቴርሞስታት ምን ይሠራል? ነቅሎ መጣል ነው አቦ!»

«አንድ ጊዜ ነቅለኸው አልነበር እንዴ? የሐረር ብርድ ላይ ሞተሯ አልሞቅ ብሎ ቤንዚኔን ጠጥታ ጨረሰችው! አሮጌውን የመለስነው ለምን ሆነና?»

ፋሩቅ ጆሮውን አከከ። «እንግዲያው በሰባ አንድ ሲከፍት በዓይኔ ካላየሁ አልገጥምም! ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከር።»

ሻይ ሻጯ ሀሊማ ድስቷን አዋሰች። ውሃው ከነቴርሞስታቱ ተጣደ።

«መሞቁን እሞቃለሁ፤ ስንት እንደደረስኩ ግን አልናገርም!» አለ ውሃው። ጋሽ ምንዳዬ ጣታቸውን ነከሩ። «ውይ! ውይ!» ጣታቸው ቀልቶ ወጣ።

ውሃው አልናገርም አለ፣ ፋሩቅ አልገጥምም አለ፣ ቴርሞስታቱ አልገባም አለ፣ ቀዮ መፍላቴን አልተውም አለች፣ እትዬ አስካለ አልሳፈርም አሉ።

ውሃን የሚያናግር ቴርሞሜትር ነው። በከተማው የታወቀው አንድ ብቻ፤ የማን ይመስላችኋል? የእትዬ አስካለ! ኬክ ቤት ሲሠሩ የስኳር ሽሮፕ ይለኩበት ነበር፤ ከሰዓት ደግሞ በኬክ ቤቱ መኪና ዳቦውን ራሳቸው እየነዱ ያዳርሱ ነበር። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

ጋሽ ምንዳዬ ወደ ቤት ሮጡ። ቴርሞሜትሩ ከመሳቢያ አልወጣም አለ። መሳቢያው ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ። ቁልፉ ደግሞ ከእትዬ አስካለ ማተብ ጋር ታስሯል፤ ከአንገታቸው አልወርድም አለ።

የት ይኬዳል? ጋሽ ምንዳዬ ሚስታቸው ፊት ቆሙና አንድ ትንፋሽ ስበው ጀመሩ፦

«ቁልፉ አልወርድም አለ፣ መሳቢያው አልከፈትም አለ፣ ቴርሞሜትሩ አልወጣም አለ፣ ውሃው አልናገርም አለ፣ ፋሩቅ አልገጥምም አለ፣ ቴርሞስታቱ አልገባም አለ፣ ቀዮ መፍላቴን አልተውም አለች፣ አንቺም አልሳፈርም አልሽ!»

«ይሄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔው አንገት ላይ ነው የተንጠለጠለው?» እትዬ አስካለ ሊስቁ ሲሉ ዓይናቸው ጣታቸው ላይ አረፈ። «ደግሞ ጣትህ ምን ሆነ?»

«ውሃውን ጠየቅኩት።»

እትዬ አስካለ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አንተ ሰውዬ! ለእኔ ብለህ ተቀቀልክ?» አሉና ማተባቸውን ፈቱ።

ያኔ ቁልፉ ወረደ፣ መሳቢያው ተከፈተ፣ ቴርሞሜትሩ ወጣ፣ ውሃው ተናገረ። ሰባ አንድ ሲል ቴርሞስታቱ እንደ ጫጩት አፍ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ፋሩቅ «ወላሂ፣ ከፈተ!» ብሎ ገጠመው፣ ቀዮ መፍላቷን ተወች፣ እትዬ አስካለም ተሳፈሩ።

ደንገጎን ወጡ። ቅንጣት እንፋሎት የለም። ጋሽ ምንዳዬ ጎናቸውን ዞር ብለው ባዩ ቁጥር ፈገግ ይላሉ።

ጫፍ ላይ ሲደርሱ፣ ቀዮ በሰርጋቸው ቀን የፈላችበት ቦታ ላይ፣ እትዬ አስካለ «አቁም» አሉ። «ውረድ። ቁልፉን ስጠኝ።» ከወደ ቁልቢ የሽንኩርት መኪና ሲመጣ እጃቸውን አውለበለቡ። «ሹፌር! እኚህን ሰውዬ እስከ ሐረር ጫንልኝ።»

ጋሽ ምንዳዬ ጆንያው ላይ ተቀምጠው ሐረር ገቡ፤ እትዬ አስካለ ከፊት ከፊት ቀዮን እየነዱ፣ ጥሩንባ እየነፉ።

ሐረር በር ላይ ቀዮን አቁመው ጠበቋቸው። አሸተቷቸው። «አሁን ተካክለናል» አሉና ጎናቸው ያለውን በር ከፈቱ። «ና ግባ። ከእንግዲህ ዓይንህ ቢደክምም ሹፌር አለህ።»

ጋሽ ምንዳዬ አልሳፈርም አላሉም።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በቀዝቃዛ ውሃ አርሱ።