አምሮት በወንዝ አፍ

ተረት አለኝ። ሳቃችሁን ቀደም አድርጋችሁ ሳቁት፤ ኋላ አይገኝም።

ጣና ዳር፣ ወንዙ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት በወንዙ አፍ፣ ይመኙሻል የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንዲት ልጇ አትጠገብ አረገዘች፤ አምሮትም ያዛት። «እማ፣ ዓሣ አማረኝ» አለች። ሌላ እህል በአፏ አልዞር አለ። የነፍሰ ጡር አምሮት ደግሞ ነገ አይባልም፤ ይመኙሻል መረቧን ይዛ ወረደች።

«ዓሣ ሆይ፣ ነይልኝ፤ ልጄ እንድትበላ።»

«አልመጣም። ድሮ የምመጣው እንቁላሌን ደንገሉ ሥር ልጥል፣ ልጆቼን ከወፍ ልደብቅ ነበር። ደንገሉ ከሌለ ምን ልሠራ ልምጣ?»

ወደ ደንገሉ ሄደች። ስንት ታንኳ ታስሮ ከተሠራበት ከዚያ ሁሉ ደንገል የቀረው አንድ ቢጫ አገዳ ነው። «ደንገል ሆይ፣ ብቀል፤ ዓሣ እንድትመጣ፣ ልጄ እንድትበላ።»

«አልበቅልም። ደለል ካላለበሰኝ ሥሬ ምን ይያዝ?»

ወደ ደለሉ ሄደች። «ደለል ሆይ፣ ውረድ፤ ደንገል እንዲበቅል፣ ዓሣ እንድትመጣ፣ ልጄ እንድትበላ።»

«እግር የለኝ! ወንዝ ካልተሸከመኝ አልወርድም።» እንኳን ሰው፣ ደለልም ሰበብ አያጣም።

ወደ ወንዙ ሄደች። «ወንዝ ሆይ፣ ፍሰስ፤ ደለል እንዲወርድ፣ ደንገል እንዲበቅል፣ ዓሣ እንድትመጣ፣ ልጄ እንድትበላ።»

«ጉሮሮዬን ታንቄ እንዴት ልፍሰስ? ግድቡን ጠይቂ።»

ግድቡ የአፈር ጆንያ ክምር ነው። «ግድብ ሆይ፣ ፍረስ፤ ወንዝ እንዲፈስ፣ ደለል እንዲወርድ፣ ደንገል እንዲበቅል፣ ዓሣ እንድትመጣ፣ ልጄ እንድትበላ።»

«ያቆመኝ ባይህ ነው፤ ባይህ እሺ ካላለ አልፈርስም።»

ባይህ በግድቡ ውሃ ሽንኩርት የሚያለማ ጎረቤቷ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ረግማው ይወጣላት ነበር፤ ደግ ሰው ነው። «ባይህ ወንድሜ፣ እሺ በለኝ፤ ግድብ እንዲፈርስ፣ ወንዝ እንዲፈስ፣ ደለል እንዲወርድ፣ ደንገል እንዲበቅል፣ ዓሣ እንድትመጣ፣ ልጄ እንድትበላ።»

«እታለም፣ ብከፍተው ሽንኩርቴ ይደርቃል። የእኔስ ልጆች ምን ይብሉ? ሽንኩርቱን እስካነሣ ታገሺኝ።»

«አምሮት ይታገሣል ወይ?» አለችው። ባይህ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የምትሄድበት የለም። አትጠገብ ከቀን ወደ ቀን ከሳች፤ እናት ይህን እያየች መቀመጥ አልቻለችም። አንድ ማለዳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ግድቡ ላይ ወጣችና «ዋይ! ዋይ!» አለች።

በዚያ አገር ዋይታ ሲሰማ ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ኋላ ይጠየቃል። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ግድቡ ላይ ተሰልፎ ደረቱን እየደቃ ዘለለ። ከሁሉ አብልጦ የዘለለው ባይህ ነው። «አትጠገብ! ሳትጠገቢ ሄድሽ!» እያለ ምርር ብሎ አለቀሰ። ሲደክመው «እታለም፣ ለመሆኑ መቼ ሞተች?» አለ።

«አትጠገብማ አለች። የማለቅሰው ለወንዙ ነው።»

ባይህ ሊቆጣ ሲል ያን ሁሉ ዝላይ ያልቻለው ግድብ ከእግሩ ሥር ተናደ።

ግድብ ፈረሰ፤ ወንዝ ፈሰሰ፤ ደለል ወረደ፤ ደንገል በቀለ፤ ዓሣ መጣች። በወሬ እንዲህ ፈጣን ነው። ደንገል ግን ቀስ ብሎ ነው የሚበቅለው፤ ዓሣም ደንገሉ እስኪረዝም ጠበቀች። በዚህ መሃል አትጠገብ ፅንሱ ወረደባት።

ይመኙሻል ያችን ዓሣ ቀቅላ አቀረበች። «ይኸው ልጄ፣ ያማረሽ።»

አትጠገብ ሳህኑን ተቀበለች፤ እናቷ እንዳይከፋት አንድ ጉርሻ ጎረሰች።

«እማ፣ እኔንማ መቼ አማረኝ» አለች፤ «ያማረው እሱን ነበር።»

ተረቴ ይኸው ነው፤ ዛሬስ አፌን በዳቦ አታብሱልኝ።