ሶፍቱ፣ ቅርጫቱና ዝምታው

በአንድ ወቅት፣ ለማናችንም እንግዳ ባልሆነ አንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ፣ እትዬ ትብለጥ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ይኖሩ ነበር። ቤታቸው ግራውንድ ላይ ነው። ግራውንድ ላይ የሚኖር ሰው ዕጣው ይታወቃል። ከላይ ያለው ሁሉ የሚለቀው ፍሳሽ በእሱ ቤት በኩል ያልፋል፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን ሲተከል ደግሞ በሩን ለእንግዳ የሚከፍተው እሱ ነው። እትዬ ትብለጥ በዚህ አንድም ቀን አማርረው አያውቁም። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ቤዛዊት ትባላለች። ልትዳር ተቃርባ ስለነበር የሠርግ ቀሚሷን እናቷ ራሳቸው ሰፍተው፣ ጥልፉንም በእጃቸው ጠልፈው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ጠዋት ማታ ያዩት ነበር።

በዚህ መሀል ከአራተኛ ፎቅ ጋሽ ታረቀኝ አረፉ። ድንኳን ተተከለ። ለቀስተኛ ሽንት ቤት ፍለጋ አራት ፎቅ አይወጣምና እትዬ ትብለጥ እንደ ወትሮው የራሳቸውን ከፈቱ። ከዚያ በፊት ግን ቀሚሱን ከግድግዳው አወረዱት። ሐዘንተኛ በሚገባበት ቤት የሠርግ ልብስ ተሰቅሎ መታየቱ ነውር ሆነባቸው። በነጠላ ጠቅልለው አልጋ ስር ከተቱት። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ሴትየዋ የልጃቸውን ደስታ አልጋ ስር የከተቱት ለሰው ሐዘን ሲሉ ነው።

የዚያ ብሎክ የፍሳሽ ቱቦ ቀጭን ነው። ነዋሪውም ይህን ስለሚያውቅ ወይ ውሃ ውስጥ ቶሎ የሚፈርስ ሳሳ ያለ ሶፍት ይገዛል፣ ወይ ደግሞ የተጠቀመበትን ሶፍት ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ያውቃል ስል ማወቅ ነበረበት ማለቴ ነው። በእትዬ ትብለጥ ሽንት ቤት ውስጥም አንድ ቅርጫት ነበረ። እንግዲህ ቤታቸውን ከከፈቱ ሌላውን ወጪና ድካም እኛ እንቻል ብለው ሦስት ጎረቤቶች ተነሡ።

አንደኛው ከሁለተኛ ፎቅ አቶ ገዛኸኝ ናቸው። «ሶፍቱን ለእኔ ተዉት» ብለው ወደ ሱፐርማርኬት ሄዱ። እያንዳንዱን እሽግ በጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ ዞሩና ከሁሉ ወፍራሙን፣ ባለ ሦስት ድርቡን፣ አበባ የታተመበትንና ሽቶ ሽቶ የሚለውን መረጡ። «ጋሽ ታረቀኝን የሚያክል ሰው አርፎ እንግዳው በሻካራ ወረቀት አይስተናገድም!» አሉ። እሽጉ ላይ ወደ ቱቦ እንዳይጣል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ነበረበት፤ አላነበቡትም። ኧረ ማንስ ያነባል! ጫማ ለመግዛት ገበያውን የሚያዳርስ ሰው፣ ሶፍት ሲገዛ ለመቀመጫው ከለሰለሰለት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ አይጠይቅም። ውሃ ሲለቅበት የጠፋ ይመስለዋል። አይጠፋም፤ ጎረቤት ቤት ነው የሚሄደው። ለማንኛውም አቶ ገዛኸኝ ሶፍቱን በካርቶን አሸክመው አመጡ፤ ሁሉም መረቃቸው።

ሁለተኛዋ ከሦስተኛ ፎቅ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ናቸው። የእሳቸው ሽንት ቤት ከዚህ ቀደም ተደፍኖ መከራቸውን አሳይቷቸው ስለነበር ሶፍት ሳይፈትኑ አይገዙም። ያንን ባለ አበባ ሶፍት ሲያዩ ቁራጭ ቀድደው ወደ ቤታቸው ወጡና በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተው በማንኪያ አማሰሉት። ቢያማስሉት ቢያማስሉት እንደ ጨርቅ እንዳለ ቀረ። የራሳቸውን ሳሳ ያለ ሶፍት ቢሞክሩት ግን ውሃ እንደነካው ዳቦ ተበታተነ። ወዲያው የራሳቸውን ይዘው ወርደው ከወፍራሙ ጎን ደረደሩት። ወፍራሙን አላነሡም፤ ለማንም ምንም አልተናገሩም። «በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለ ሽንት ቤት ይወራል እንዴ? ደግሞስ ገዛኸኝን በሰው ፊት ላሳፍረው?» ብለው አሰቡ። እንግዳው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ የትኛውን እንደሚያነሣ መቼም አይጠፋችሁም።

ሦስተኛው ከአንደኛ ፎቅ ሻለቃ ዳምጠው ናቸው፤ የእድሩ ዳኛ። በማግስቱ ሽንት ቤት ገብተው ቅርጫቱ ሞልቶ ዝንብ ሲዞረው አዩ። ከበሩ ወዲህ ሰው ንፍሮ እየበላ ነው። «ይሄ ምን የሚሉት ነውር ነው!» ብለው ቅርጫቱን ራሳቸው በእጃቸው አንሥተው አወጡት። ማንንም አላዘዙም፤ ይህ ይቆጠርላቸው። ይዘቱን ደፍተው ቅርጫቱን አጥበው ከጓሮ ገልብጠው አስቀመጡት፤ መልሰው ግን አላስገቡትም። «እንግዳ ፊት ቆሻሻ አይቀመጥም» አሉ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከሰዓት በኋላ ሲገቡ ቅርጫቱ እንደሌለ አይተዋል። «ባለቤቲቱ አንሥተውት ይሆናል» ብለው ወጡ። ባለቤቲቱ ደግሞ እድሩ ሊደፋው የወሰደው መስሏቸው ነበር። ቅርጫት ያጣው እንግዳም ወፍራሙን ሶፍት እዚያው ሽንት ቤቱ ውስጥ ይጥል ጀመር።

የሰልስቱ ዕለት ጠዋት ውሃ መጣ። በእኛ ሰፈር ውሃ መጣ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከላይ እስከ ታች ሁሉም ልብሱን ነክሮ ያጥባል፣ ቤቱን ይወለውላል፣ ሲጠራቀም የቆየውን ሽንት ቤት ደጋግሞ ይለቃል። ያ ሁሉ በአንድ ቱቦ ወረደና ታች ሲደርስ መተላለፊያ አጣ። መተላለፊያ ሲያጣ በእትዬ ትብለጥ ሽንት ቤት ገንፍሎ ወጣ። እሳቸው ድንኳን ውስጥ ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። አንዲት ሴት «ኧረ ቤትዎ!» ብላ ስትጮህ ሮጡ። ስለ ምንጣፉም ስለ ስፌት መኪናውም አላሰቡም፤ በዚያ ፍሳሽ ውስጥ ተንበርክከው እጃቸውን አልጋው ስር ሰደዱ።

ነጠላውን ሲፈቱት ነጭ የሚባል ነገር አልቀረም። በሳሙና አጠቡት፤ ሽታው አልለቅ አለ። በበረኪና ዘፈዘፉት፤ ጥልፉ ደበዘዘ። ቱቦ ከፋች ተጠርቶ መጣና ከውስጥ የተጋገረ ነገር እየጎተተ አወጣ። ሁሉም ቆሞ አየ፤ አበባው እንኳ አልጠፋም። ወይዘሮ ፈትለወርቅ በብርጭቆ ሞክረውት እንደነበር የተናገሩትም ያን ጊዜ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ «ጨርቅ ነው፣ ይተካል» የሚሉ አልጠፉም። እኔ በዚህ ተናድጃለሁ፤ ዛሬም ንዴቱ አልወጣልኝም። በሩን የከፈተ ሰው እንዲህ ተደርጎ «ጨርቅ ነው» ይባላል?

እትዬ ትብለጥ በራቸውን ዘጉ። ሽማግሌ ሄደ። ሦስቱም አብረው ገብተው፣ ጥፋቱን ለሦስት ተካፍለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ሊሉ አሰቡ። እሳቸው ግን በሩን ገርበብ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ለሦስት የተካፈለ ይቅርታ አልቀበልም። ሁሉም በሲሶ በሲሶ ይዞ ቀለል ብሎት ሊወጣ? ልጄን የበደለ አንድ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ይውደቅ፤ ያን ጊዜ እምራለሁ። አለዚያ ከዚህ ብሎክ አንድም ሰው የልጄ ሠርግ ላይ አይቁም።»

«እማዬ» አለች ቤዛዊት ከኋላቸው፣ «ያሳደጉኝ እኮ ናቸው። ያለ እነሱ ማን ሊሸኘኝ ነው?»

እናት በሩን መልሰው ዘጉት። ሦስቱም ደጃፉ ላይ እንደቆሙ መካሰስ ጀመሩ።

«እኔ የገዛሁት ሶፍት ነው» አሉ አቶ ገዛኸኝ። «ለሙት ክብር ብዬ ጥሩውን መረጥኩ። ቱቦ ውስጥ ክተቱት ብያለሁ? ቅርጫቱ ባይነሣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ምንም!»

«እኔ ያነሣሁት ቆሻሻ ነው» አሉ ሻለቃ ዳምጠው። «ሶፍት መስሎኝ እንጂ ብርድ ልብስ መሆኑን የነገረኝ አለ? የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ ዝም አለ።»

«እኔን ምን በወጣኝ!» አሉ ወይዘሮ ፈትለወርቅ። «የሚፈርሰውን ሶፍት ያመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። የገዛም ሌላ፣ ያነሣም ሌላ፤ እኔ ዝም ስላልኩ ልሸከም?»

ሻለቃው ያላወቀ ሰው አይፈረድበትም ይላሉ። አቶ ገዛኸኝ ለክብር የተደረገ ነገር ጥፋት አይባልም ይላሉ። ወይዘሮዋ ሰውን ላለማሳፈር ዝም ማለት ጨዋነት ነው ይላሉ። ሦስቱም የሚሉት በየራሱ ደህና ይመስላል፤ የእኔን ደም የሚያፈላውም ይኸው ነው። ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ለሰው ያሰበ፤ ቀሚሱ ግን ተበላሽቷል።

ሽማግሌዎቹ ከግቢው አንድ ድንጋይ አንሥተው በእትዬ ትብለጥ ደጃፍ አስቀምጠዋል። ሠርጉ እሁድ ነው። ቤዛዊት በሩን በከፈተች ቁጥር ድንጋዩን ታያለች፤ ቀና ብላም ወደ ፎቆቹ ትመለከታለች።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ሦስቱም ይሸከሙ አትበሉኝ፤ እሳቸው እንቢ ብለዋል። ማንም አይሸከም አትበሉኝ፤ ልጅቷ ብቻዋን ትዳራለች። ሳያነብ የገዛው ነው፣ ሳይጠይቅ ያነሣው ነው፣ ወይስ እያወቀች ዝም ያለችው? ድንጋዩ የሚገባው ለማን ነው?