በር የሌለው ፀጉር አስተካካይ

ሊስትሮ ሳለሁ የምቀመጠው ግንብ ላይ መስታወት ሰቅሎ ፀጉር ከሚያስተካክል ሰው ጎን ነበር። ጫማ የሚያስጠርጉኝ የእሱ ደንበኞች ስለነበሩ፣ እሱ ከተነሳ እኔም ጦሜን አድራለሁ።

አንድ ቀን የከተማው ሹም በመኪና መጡ። የንግድ ፈቃድ ክፍያ መቅለሉን፣ ከእንግዲህ ሁሉም በሱቁ በር ስፋት ብቻ እንደሚከፍል አበሰሩን።

«ያንተ በር የት አለ?» አሉት።

«በር የለኝም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው መንገዱ በሙሉ በርህ ነው። በትልቁ ተመን ትከፍላለህ፤ አለዚያ ወንበርህ ይወረሳል።»

ሰውዬው ጥቂት አሰበ። ሹሙ መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ወንበሩን አንስቶ መንገዱ መሃል፣ ከመኪናው ፊት አኖረና ተቀመጠበት።

«ተነስ እንጂ፣ እንለፍበት!» ብለው ጮኹ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ለዛሬ በሩን ዘግቻለሁ። ነገ ጠዋት ስከፍት ይለፉ።»